የቁጥር አርባ አንድ ጥቅል

ስደት በሌሊት ነው የሚጀመረው ሲባል እሰማለሁ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ ነው። በሌሊትማ ሰዓት እላፊ ነበር፤ አቃቂ ውስጥ በሌሊት የሚንቀሳቀሰው የቀበሌ ጥበቃና ውሻ ብቻ ነው። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግን የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ፣ የከሰዓቱ ሲገባ፣ መንገዱ በሰው ይሞላል። በዚያ መሐል አንድ ልጅ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ቢሄድ ማንም ልብ አይለውም። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ አበራ ነው። ለስደት ብሎ አይደለም። «ከቀበሌ ስብሰባ መጥፋት ከፈለግህ በፈረቃ መለወጫ ጥፋ» ነበር ያለኝ።

አበራ ከሞተ አርባ አምስት ቀኑ ነበር። ተዝካሩን አውጥተን አምስት ቀን ቆየሁና ወጣሁ። የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች። በሶ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ጨርቁም የፋብሪካው ነው፣ ምናልባት አበራ የሠራው። በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ። ምርቃት ጠበቅኩ። «ወንድምህ ቢኖር እስከ ጣቢያው ይሸኝህ ነበር» አለችኝ።

በእኔ መሄጃ ቀን እንኳ የመጀመሪያው ቃሏ ስለ እሱ ነበር። ቀናሁ። አፈር ውስጥ ባለ ሰው ቀናሁ። ይህን ጽፌ ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱን ካልጻፍኩ ምን ልጽፍ ነው።

ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በፋብሪካው በር ያልፋል። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የወንድሜ ፎቶ ነበር፣ ከሞተም በኋላ ማንም አላነሳውም፤ ፀሐይ ግን አደብዝዛዋለች። ከሥሩ «ጓድ አበራ፣ የሽመና ክፍል ኮከብ ሠራተኛ፣ ዕቅዱን መቶ ስልሳ በመቶ ያከናወነ» ይላል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አላየኝም። ፎቶው ወደ ጎን ነው የሚያየው፤ ፎቶ አንሺው «ወደ ወደፊቱ ተመልከት» ብሎት ነው።

በልቤ «መቶ ስልሳ አንድ» አልኩት።

እናንተ የስደት ጓደኞቼ፣ ለምን ተሰደድክ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። ለእንጀራ ነው ብል ውሸት አይሆንም። የዘመቻ ጥሪ ፈርቼ ነው ብልም ውሸት አይሆንም። ግን እውነተኛው ምክንያት ያ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር የምበልጥበት አገር ፈልጌ ሄድኩ።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልናገር። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ገና ሳልድህ ሞተ። አበራ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ፋብሪካ ገባ፤ እኔ እንድማር። እኔም እስከ አሥራ ሁለተኛ ተማርኩ፣ ማትሪክ ግን አልመጣልኝም። እሱ ያልተማረው ለእኔ ብሎ ስለሆነ በእሱ የመቅናት መብት አልነበረኝም። ቢሆንም።

በሽመና ክፍሉ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር አለው። ጨርቁ ከማሽኑ ተጠቅልሎ ሲወርድ ሠራተኛው በሰማያዊ ጠመኔ ቁጥሩን ጥቅሉ ላይ ይጽፋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ በቁጥሩ ይለካለታል። የአበራ ቁጥር አርባ አንድ ነው። የምርት ዘመቻ በታወጀበት ዓመት ወንድሜ ማሳል ጀመረ። የጥጥ ብናኝ ነው። እማዬ ዝንጅብል ታፈላለታለች፣ እሱ ይጠጣል፣ ያስላል፣ ይሄዳል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሳሉ፣ ኮከብ ሠራተኛ ሆነ። እኔ ብዙ ከመሥራቱ የተነሳ የሚያስል መሰለኝ።

ሽልማቱ የእጅ ሰዓት፣ የምስክር ወረቀትና አንድ ሙክት በግ ነበር። በጉን ግቢያችን አስረን ሦስት ቀን አየሁት። በአራተኛው ቀን አልቻልኩም።

«ወንድም ጋሼ፣ መቼ ነው የምናርደው?»

«አይታረድም።»

«ለምን?»

«ብናርደው ሰይድና ይመር አይበሉም።» ሰይድና ይመር የወሎ ልጆች፣ የፈረቃው ጓደኞቹ ናቸው፤ ሙስሊሞች ስለሆኑ እኛ ያረድነውን አይበሉም።

«እና? እነሱ ሌላ ነገር ይብሉ!»

«አንተ ልጅ፣ በጉ የኔ መሰለህ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

በጉን ሳሪስ ገበያ ወስዶ ሸጠና ስኳር ገዛ። ያኔ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ ነበር የሚገኘው። ስኳሩን ዘጠኝ ቦታ ቋጠረው። ስምንት የፈረቃው ሰዎች መጥተው አንዳንድ ቋጠሮ ይዘው ሄዱ። ዘጠነኛው የእኛ ነው፤ ከሁሉም የሚያንሰው። የኮከቡ ቤት ድርሻ ከሁሉም አነሰ! ያን ቀን ራት አልበላሁም።

ማትሪክ ከወደቅኩ በኋላ በቀን ሠራተኝነት እዚያው ፋብሪካ ገባሁ። ሥራዬ የወረዱትን ጥቅሎች በጋሪ ወደ መጋዘን መግፋት ነው። አንድ ቀን ደገፋ የሚባለው፣ ከስምንቱ ወፍራሙና ቀልደኛው፣ ጥቅል አውርዶ በጠመኔ ሲጽፍበት አየሁ። አርባ አንድ ብሎ ጻፈ።

«ጋሽ ደገፋ፣ የወንድሜን ቁጥር አንተ ነህ የምትጽፍለት?»

ጣቶቹ ሰማያዊ ነበሩ። ትንሽ ደንገጥ አለና «የኮከብ እጅ ይድከም እንዴ?» አለኝ። «እኛ ምን ሥራ አለን? ግፋ፣ ግፋ፣ መንገድ አትዝጋ!»

ንጉሡ ወረደ ተብሎ ስንት ሰልፍ በወጣንበት አገር እኛ ቤት ንጉሥ ተቀምጧል አልኩ። ቁጥሩን እንኳ ሰው ይጽፍለታል። ማታ ራት ላይ ፊቴን አይቶ ገባው።

«ቀናህ እንዴ?» አለኝ አበራ።

«በምንህ ነው የምቀናው?»

«ትንሽ?»

«... ትንሽ።»

ፊቱ በራ። የእውነት ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኔ ግን ትዕቢት ነው ብዬ ያዝኩበት።

በሚቀጥለው ዓመት የክፍሉ ዕቅድ ከፍ አለ። ካድሬው በስብሰባ ላይ «አንድ ሰው ከቻለ ሁሉም ይችላል» አለ። ወንድሜ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። በጥቅምት ሞተ። ሬሳውን ስምንቱ ሰዎች ተሸክመው ሳሪስ አቦ ወሰዱት። አንዱን ጫፍ ልያዝ ብዬ ተጠጋሁ። ደገፋ በትከሻው ገፋ አድርጎ «አንተ ተወው፣ እኛ ለምደነዋል» አለኝ። ወንድሜን መሸከም እንኳ ለእኔ አልተረፈም።

መንገዱን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላበዛውም። ባቡሩ እስከ ድሬዳዋ፤ ከድሬዳዋ ከጫት ነጋዴዎች ጋር፣ አንዳንዴ በመኪና፣ አንዳንዴ በእግር። ጅቡቲ ወደብ አንድ ዓመት ከምናምን ጆንያ ተሸከምኩ። ሙቀቱን ለማስረዳት፣ ዳቦ ቤት ምድጃው አፍ ላይ ቆማችሁ ካፖርት ደርቡ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጊዎች ወረቀት አሠርተውልኝ ጣልያን አገር ገባሁ።

ኩዌስቱራ በሚሉት የፖሊስ ቢሮ አንድ ሹም ጠየቀኝ። አስተርጓሚዋ አሥመራ ያደገች ሴት ነበረች።

«ለምን ከአገርህ ወጣህ ይልሃል።»

«ወንድሜ ሞተ።»

ሹሙ ብዕሩን አነሳ። «ማን ገደለው?»

«ሳል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። የሆነ ነገር ተናገረ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ «ሳል የፖለቲካ ድርጅት አይደለም ይልሃል» አለችኝ።

«ታስረህ ነበር?» «አልታሰርኩም።» «ተገርፈሃል?» «አልተገረፍኩም።» «ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?»

በውይይት ክበብ የተማርኩት ትዝ አለኝና ስለ ትርፍ እሴት፣ ስለ ሠራተኛው መበዝበዝ ጀመርኩ። ሴትየዋ እጇን አፌ ላይ ልታደርግ ምንም አልቀራት። «አንተ ልጅ! ከኮሙኒስቶች ሸሸሁ ትላለህ ብዬ ስጠብቅ ኮሙኒዝም ታስተምረዋለህ? ቶሎ በል፣ ምሳ ሰዓቱ ደርሷል!» ስለ ምሳው ሲል ይመስለኛል ማኅተሙን መታልኝ።

የደረስኩበት ከተማ ፊሬንሴ ከሚባለው ትልቅ ከተማ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ የጨርቅ ከተማ ነው። መጀመሪያ ቀን ድልድይ ላይ ቆሜ ወንዙን ሳይ ሳቄ መጣ። አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ፤ ልክ እንደ አቃቂ ወንዝ ፋብሪካው የነከረውን ቀለም ለብሶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት ወደዚያው ወንዝ ልመለስ ነው እንዴ አልኩ። ዳቦአቸው ግን ጨው የለውም። እኔ ጋጋሪው ረስቶ ነው ብዬ መልሼ ወሰድኩለት፤ ዳቦ ሻጩ እንደ እብድ አየኝ። ለካ የአገሩ ሰው ሁሉ ጨው የሌለው ዳቦ ነው የሚበላው። እንዲህ ሀብታም ሆኖ!

ቤት ያከራየችኝ ባልቴት ደግሞ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ «ስንት ሰው ነህ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ዛሬ አንድ። ነገስ?»

«ነገም አንድ።»

«እናንተ እኮ ቤተሰብ ትወዳላችሁ» አለች በጥርጣሬ።

እንወዳለን፣ ግን አልቋል፣ ልላት ፈለግኩ። ቋንቋው አልበቃኝም።

ሥራ ያገኘሁት አሮጌ ልብስ በሚለይበት መጋዘን ነው። ስትራቺ ይሉታል። ከዓለም ዙሪያ የተጣለ ልብስ በቦንዳ ታስሮ ይመጣል፤ እኛ ሱፉን ከናይሎኑ፣ ቀዩን ከጥቁሩ እንለያለን፣ ቁልፍና ዚፑን ቆርጠን እንጥላለን፣ ከዚያ ማሽን ቦጫጭቆ እንደገና ክር ያደርገዋል። እኛ አገር አንድ ኮት ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት የለበስኩት የአበራን ነው፣ ክርኑ የእሱ ነው፣ ጠረኑ የእሱ ነው። እዚህ ግን ቦንዳውን ስፈታ ማንም ያልለበሳቸው ኮቶች አገኘሁ። የዋጋው ወረቀት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መጠባበቂያ ቁልፉ በትንሽ ላስቲክ ኪሱ ውስጥ አለ። የተሰረቀ መሰለኝ። አንዱን አንጠልጥዬ «ካፖ» ወደምንለው አለቃችን ወደ ሬንዞ ሮጥኩ።

«ካፖ፣ ይህ በስህተት የመጣ ነው! አዲስ ነው!»

ሬንዞ አየው። «ያምናው ነው። ሱቁ አልሸጠውም። ቁረጠው።»

«ለምን ለሰው አይሰጡትም?»

«ለሰው ከሰጡት የዘንድሮውን ማን ይገዛል?»

ካድሬያችን ካፒታሊዝም ከሚፈለገው በላይ አምርቶ በራሱ ክምር ሥር ይቀበራል ይለን ነበር። እኛ ኋላ ወንበር ተቀምጠን እናንቀላፋ ነበር። ክምሩን አየሁት፤ ሰውየው አልዋሸም። ያልነገረን ክምሩ ሥር ማን እንደሚቀመጥ ነው። እኔና አምስት ሴቶች ነን።

ከሴቶቹ ትልቋ ሲኞራ ኢዳ ናቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ያበጠ፣ ወንበራቸው ላይ ከአሮጌ ሹራብ የሰፉትን ትራስ አድርገው የሚቀመጡ። ሱፍ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከልብሱ አንድ ክር መዘው ያቃጥላሉ፤ እንደ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። መጀመሪያ ወር እጄ ምንም አልገባውም ነበር። ሳንባዬም በብናኙ ታምሞ ነበር፣ ማታ ማታ ወንድሜ ውስጤ የሚያስል ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ሦስት ቅርጫት ብሞላ ነው። ግን ሬንዞ በመውጫ ሰዓት ሊቆጥር ሲመጣ ፊቴ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሙሉ ቅርጫት ይቆማል። ቅርጫት አንሺው ተሳስቶ ነው አልኩ። አልጠየቅኩም። በስህተት የመጣ እንጀራ ይመለሳል እንዴ።

አሥራ ሁለት ቁጥራቸው ነበር። ማንም አልጻፈው፣ ግን ሁሉም አሥራ ሁለት ሲደርስ «ባስታ» ይላሉ፤ በቃ ማለት ነው። ከዚያ እጃቸው ቀስ ይላል። ዳቦ ይቆርሳሉ፣ የልጃቸውን ካልሲ ይጠግናሉ፣ ስለ አማቶቻቸው ያማሉ። ሬንዞ ሲመጣ ሁሉም ያቀረቅራል። ይህ እኛ አገር ቢሆን ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ ያሳስራል።

በአራተኛው ወር እጄ ነቃ። ዓይኔን ጨፍኜ ሱፍ አውቅ ጀመር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዕቅዱ አሥራ ሁለት ከሆነ፣ መቶ ስልሳ በመቶ ማለት አሥራ ዘጠኝና ትንሽ ነው። ሃያ ብሞላ አበራን አለፍኩት ማለት ነው።

በማግስቱ ሃያ ሞላሁ።

ምሳ አልበላሁም፣ ለሽንት አልወጣሁም። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ሲኞራ ኢዳ «ባስታ፣ ልጄ» አሉኝ። አልሰማሁም። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ማማታቸውን ትተው አዩኝ። ሬንዞ መጥቶ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። እጄን ጨበጠኝ። ከክምሩ ውስጥ አንዱን አዲስ ኮት መዞ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «አንኮራ!» አለኝ። አንኮራ እንደገና፣ ጨምር ማለት ነው። ከሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

በሕይወቴ ከአበራ ያልወረደ የመጀመሪያ ኮቴ ነው። ቅዳሜ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺውን ወደ ጎን ልመልከት ብዬ ለመንኩት። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁት። ከእሱ አጠገብ ትሰቅለዋለች ብዬ።

ያን ሰሞን ሬንዞን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ካፖ፣ ስንት ሲሆን ነው የሚበቃህ?»

በመስኮቱ አሳየኝ። ማዶ ሌላ መጋዘን አለ፣ በሩ ላይ አዲስ ትልቅ መኪና ቆሟል። «ያ ሰውዬ አሥራ ስድስት ያስለያል። እኔ አሥራ ስምንት ካስለየሁ እሱ ሃያ ያስለያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እኔ ሃያ ሁለት።»

«መጨረሻውስ?»

ሬንዞ እንደ ሕፃን አየኝ። «መኪናውን አየኸው?» አለኝ። ዓይኑን ሳየው አወቅኩት። በጉ ግቢ ታስሮ ሳለ ሦስት ቀን ያየሁበት የራሴ ዓይን ነው። ማዶ ያለውም ሰውዬ በሬንዞ ወይም በሌላ ይቀናል። ዕድገት የሚሉት፣ በየዓመቱ ካምናው መብለጥ አለበት የሚሉት፣ እኔ ቤት የማውቀው ነገር ነው። ይህች ከተማ የምትዞረው እንደ እኔ ባሉ ታናናሽ ወንድሞች ነው። ታናሽ ወንድም ደግሞ በቃኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም የሚፈልገው ኮቱን አይደለም።

ግን ይህን ማወቄ አላቆመኝም። በነጋታው ሃያ፣ ከነጋታው ሃያ አንድ።

በሦስተኛው ሳምንት ሬንዞ ሁላችንን ሰበሰበ። ከዛሬ ጀምሮ የቀኑ ልክ አሥራ ስምንት ነው አለ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ «እሱ ከቻለ ሁላችሁም ትችላላችሁ» አለ። ይህን ቃል አቃቂ ስብሰባ ላይ ነበር የሰማሁት፤ በአማርኛ። ወንድሜ አንገቱን እንደደፋው እኔም ደፋሁ፣ ግን እሱ ለምን እንደደፋ አላወቅኩም ነበር።

ሲኞራ ኢዳ አሥራ አራት፣ አንድ ቀን ደግሞ አሥራ አምስት ሞሉ። ከዚያ በላይ ጣቶቻቸው እምቢ አሉ። አርብ ዕለት ሬንዞ ሁለተኛ እንዳይመጡ ነገራቸው። መጎናጸፊያቸውን ሲያጥፉ ወደ እኔ መጡ። ሌሎቹ ሴቶች ካናገሩኝ ሳምንት አልፏቸዋል።

«ግርማ፣ ማንን ነው የምታሳድደው?» አሉኝ።

«ወንድሜን።»

«ደረስክበት?»

«አለፍኩት፣ ሲኞራ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

ትራሳቸውን ወንበሬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ተሳድበው ቢሄዱ ይሻለኝ ነበር።

ከወር በኋላ እማዬ ደብዳቤ በሰው እጅ አጽፋ ፎቶው እንደደረሳት ነገረችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት አቃቂ በሰቃ ያለው የነጋዴው የሀጂ የጭነት ቢሮ እጠብቃለሁ፣ ስልክ አላቸው፣ ደውል አለችኝ። እኔም እፍኝ ሙሉ ጄቶኒ ገዝቼ ሠፈር ያለው ቡና ቤት ሄድኩ። ጄቶኒ ስልኩ የሚበላው እንደ ሳንቲም ያለ ነገር ነው፤ ለሩቅ አገር ሲሆን እንደ ቆሎ ነው የሚቆረጥመው።

«ሃሎ! እማዬ!»

«ማነው? ግርማ? ኧረ ልጄ! ከስተሃል።»

«በስልክ እንዴት ታዪኛለሽ?»

«በፎቶው ነዋ። ለምንድነው ወደ ጎን የምታየው? እኔን እያየህ ብትነሳ ምን ነበረበት? ኮቱ የማነው?»

«የኔ ነው። ሽልማት ነው። እማዬ፣ ወንድም ጋሼን በለጥኩት። እሱ መቶ ስልሳ አይደል? እኔ መቶ ስልሳ ስድስት!»

ጄቶኒ ወደቀች።

«ከማን ጋር ሆነህ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነዋ!»

«ብቻህን?» አለች። «እሱ መቼ ብቻውን ሠራና?»

ከኋላዋ ወፍራም ድምፅ «ይንገሩት እንግዲህ፣ እትዬ፤ አሁን ምን ያደርጋል» ሲል ሰማሁ። ደገፋ ነው። ከዚያ እማዬ ነገረችኝ፤ ቀስ እያለች፣ ስልኩ እንደሚቆጥር ረስታ። አበራ በታመመበት ሰሞን ዕቅዱን መሙላት አቅቶት ነበር። ያልሞላ ሰው ወደ ጥጥ መፍቻው ክፍል ይዛወራል፤ እዚያ ብናኙ ይብሳል፣ እዚያ ቢሄድ ዓመት አይከርምም። በዚያ ሳምንት ደገፋ አንድ የራሱን ጥቅል አውርዶ አርባ አንድ ብሎ ጻፈበት። ሰይድም ጻፈ። ይመርም። ስምንቱም ጻፉ፤ አንዱ ለሌላው ሳይነግር፣ እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ የማግዘው ብሎ።

«ሳምንቱ ሲለካ ወንድምህ ከፋብሪካው ሁሉ በልጦ ተገኘ» አለች እማዬ። «ደንግጦ መጣ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«ይናገርና ስምንቱ ይታሰሩ? ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ ማውረድ የለ። በየሳምንቱ ሲጽፉለት ኖሩ። ዕቅዱ ሲጨመርም እርስ በርሳቸው ተዛዝለው ያዙት።»

ጄቶኒዎቹ ይወድቃሉ። እኔ በጉን አሰብኩ። ዘጠኙን ቋጠሮ። የደገፋን ሰማያዊ ጣት። «እኛ ለምደነዋል።» ከስምንት ሰው ጨርቅ ጋር ነበር ለብቻዬ ስወዳደር የኖርኩት። እነዚያን አርባ አንድ የተጻፈባቸውን ጥቅሎች በእጄ፣ በገዛ ጋሪዬ ገፍቻለሁ። ከዚያ፣ ሳልፈልግ፣ የመጋዘኑ የመጀመሪያ ወር ትዝ አለኝ። ሦስት ቅርጫት ብቻ ሞልቼ ማታ ፊቴ የሚቆመው አሥራ ሁለት ቅርጫት። የሲኞራ ኢዳ ያበጡ ጣቶች።

«ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» ጮኽኩ። ቡና ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ወንድሙ አላውቅም?»

«እሱ ነው የከለከለን» አለች እማዬ። ድምፅዋ ቀጠነ። «‹ይሄ ልጅ የእውነት ኮከብ እመስለዋለሁ። በዓለም ላይ የሚቀናብኝ አንድ እሱ ነው፤ እሱን አትውሰዱብኝ› አለን። አንተ በቀናህበት ማታ እኮ ሳያስል ያድር ነበር።»

ምን ልበላችሁ። አሁንም ቀናሁ። በእሱ አይደለም። በስምንቱ ቀናሁ። እያንዳንዳቸው ለወንድሜ የጻፉለት ነገር አላቸው፤ እኔ መቅናቴን ብቻ ነው የሰጠሁት፣ እሱንም ሳላውቅ።

«ግርማ? አለህ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

አንድ ጄቶኒ ቀርታኛለች። ከተትኳት።

«አንተ ግን እዚያ አገር» አለችኝ፣ «ሲያምህ የሚጽፍልህ ሰው አለህ?»

የለኝም ብላት እንዴት ታድራለች። ሩቅ ነች፣ አሮጊት ነች፣ አንድ ልጅ ቀብራለች።

«አለ» አልኳት።

«ማን?» አለች። ስልኩ ተቋረጠ።